ያረጀ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሊሄድ ሲል፦ መጀመሪያ ኮፒ፣ ምርመራው ከዛ በኋላ

አክስቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ደወለችና "ልጄ፣ ይሄ ላፕቶፕ ፎቶ ስከፍት ድርቅ ብሎ ይቀርብኛል፣ ደሞ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሰዓት የዋጠ ነው የሚመስለው" አለችኝ። ላፕቶፑን ልጇ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዛላት ከመጣች 10 ዓመት አልፎታል፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው የሚሰራው። ግን ውስጡ ያለው ነገር ሌላ የትም የለም። የባለቤቷ የመጨረሻ ዓመታት ፎቶ፣ የልጆቿ ምርቃት፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ሁሉም እዛ ነው። ሰፈሯ ያለ አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር፣ ልጁ አብርቶ ሁለት ደቂቃ አየውና "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል" አላት። ደግነቱ እሺ ከማለቷ በፊት ደወለችልኝ፣ እኔም "አሁኑኑ አጥፊው፣ ቻርጀሩንም ንቀይው፣ ማንም እንዳያበራው" አልኳት።

እንደዚ አይነት ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ እንትን የሚባል ሶፍትዌር አውርድና ስካን አድርገው ይባላል። እኔ በዚ ፈጽሞ አልስማማም። ሃርድ ዲስክን ሙሉ ስካን ማድረግ ማለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያንዳንዷን ቦታ እንዲያነብ ማስገደድ ነው፣ ለደህና ዲስክ ምንም አይደለም፣ ሊሞት ላለ ዲስክ ግን ልቡ የደከመን ሰው አምስተኛ ፎቅ በደረጃ አስወጥቶ እንደመመርመር ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ ሰውየው ግን የለም። ስለዚ ዲስኩ ታሟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዳታውን ቀድማችሁ አውጡ፣ ምን እንደነካው የምታጣሩት ከዛ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከምትጠቀሙበት ሶፍትዌር በላይ ወሳኝ ነው።

ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ላስረዳ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ 2.5 ኢንች የሚባለው ነው፣ ውስጡ ከመስታወት ወይም ከአልሙኒየም የተሰራ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ፣ አንዳንዴ ሁለት። አብዛኛው የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፣ በሴኮንድ 90 ጊዜ ማለት ነው፣ የሳህኑ ጠርዝ በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር በላይ ነው የሚበረው። ከሳህኑ በላይ ሄድ የሚባለው ጥቃቅን ማንበቢያ በክንድ ተንጠልጥሎ ወዲህና ወዲያ ይላል፣ ሳህኑን አይነካም፣ ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው አየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ርቀቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ከ60 ሺ እስከ 100 ሺ ናኖሜትር ይወፍራል፣ እስቲ አስቡት። ለዚህ ነው ሃርድ ዲስክ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ መከፈት የሌለበት፣ በአይን የማትታይ የአቧራ ብናኝ እንኳን ለዛ ክፍተት ተራራ ናት።

አየር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ከፍታ። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ እየቀረበ ይሄዳል፣ ስለዚ አምራቾቹ የከፍታ ወሰን ያስቀምጣሉ፣ ለአብዛኞቹ 3048 ሜትር ነው፣ ማለትም 10 ሺ ጫማ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ደሴ 2500 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2800 ገደማ ናት፣ ሁሉም ከወሰኑ በታች ናቸው። ስለዚ ዲስካችሁን የገደለው የደጋው አየር አይደለም። እኛ ጋር በብዛት የማየው ገዳይ መውደቅ ነው፣ በተለይ በርቶ እያለ፣ ከዛ ደሞ የመብራት መቋረጥ።

የመብራቱ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ብቻ ሲሰራ መብራት በሄደ ቁጥር በድንገት ጭልም ይላል፣ ሄዱ እየጻፈ ከነበረ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ዲስኩ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው የተከፋፈለው፣ በድሮዎቹ አንዱ 512 ባይት፣ በአዳዲሶቹ 4096 ባይት ነው፣ እያንዳንዱ ሴክተር ከዳታው ጋር ስህተት ማረጋገጫ አብሮ ይይዛል። ግማሽ የተጻፈ ሴክተር ማረጋገጫው ከዳታው ጋር አይገጥምም፣ ስለዚ በሚቀጥለው ጊዜ ዲስኩ ሊያነበው ሲሞክር ያቅተዋል። እንደዚ አይነቱ ሴክተር ሳህኑ ላይ ጭረት የለበትም፣ አዲስ ነገር ቢጻፍበት ሊድን ይችላል። ሳህኑ የተጫረ፣ ወይም ሄዱ የደከመ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱ አይድንም፣ ይሰፋል። ከውጪ ሆናችሁ ስታዩዋቸው ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ባድ ሴክተር ነው የሚባሉት። ልዩነቱ የሚታወቀው በጊዜ ነው፣ ቁጥሩ ባለበት ቆመ ወይስ እየጨመረ ሄደ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልሂድ፣ መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ሬድዮውን አጥፉና፣ ላፕቶፑን አብርታችሁ መዳፋችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ጋር ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ደህና ዲስክ ሲነሳ ሹውው ይላል፣ ሲሰራ ደሞ ለስለስ ያለ ጠቅ ጠቅ አለው፣ አልፎ አልፎ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ማለትም ችግር የለውም፣ ሄዱ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ነው። የሚያስፈራው እየደጋገመ በእኩል ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ከዛ መዞሩን አቁሞ እንደገና ሲነሳ ነው። ያኔ ሄዱ ሳህኑ ላይ ያለውን ምልክት ፈልጎ እያጣ፣ ወደ ማረፊያው እየተመለሰ፣ እንደገና እየሞከረ ነው፣ የተሰበረ ሄድ ከሆነ ደሞ በየዙሩ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። ሲሲሲ ወይም ቢፕ የሚመስል ቀጭን ድምጽ አውጥቶ ጭራሽ የማይዞር ከሆነ ሄዱ ሳህኑ ላይ ተጣብቋል ወይም ሞተሩ ታስሯል። ምንም ድምጽ ከሌለ፣ ንዝረትም ከሌለ፣ የዲስኩ የኤሌክትሪክ ቦርድ ወይም ግንኙነቱ ነው።

ያለማቋረጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም ጭራሽ የማይዞር ዲስክ ላይ ምንም አይነት ሶፍትዌር አትሞክሩ። ምንም። አጥፉት። ውስጡ ያለው ነገር ገንዘብ የሚያስወጣ ከሆነ ከአቧራ በተጣራ ክፍል ውስጥ ሄድ የሚቀይሩ የዳታ ሪከቨሪ ባለሙያዎች አሉ፣ ውድ ነው፣ ግን ለእነሱም የሚተርፍላቸው እናንተ ያልነካካችሁት ዲስክ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ክተተው የሚል ምክር እስካሁን ይዞራል፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ ዲስኩ ከፍሪዘር ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛ ሳህኑ ላይ፣ ሳህኑ ደሞ በሴኮንድ 90 ጊዜ እየዞረ። በመዶሻ እጀታ ጠቅ ጠቅ ማድረግም እንደዛው።

ድምጹ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ግን የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ቶሎ ዲስኩ ላይ አትፍረዱ። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 ተጭኖ ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንደተጠመደ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ዲስክ 100 በመቶ ቢል የተለመደ ነው፣ ራሙ ስላልበቃው ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመበት ነው፣ አፕዴትም አለ፣ አንቲቫይረስም አለ። ልዩነቱን የምታዩት ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋር ገብታችሁ ዲስኩን ስትነኩት ነው። እዛ ጋር ሁለት ነገር አብራችሁ እዩ፣ ፍጥነቱንና አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለውን። የተጨናነቀ ግን ጤነኛ ዲስክ 100 በመቶ እያለ በሴኮንድ ብዙ ሜጋባይት ያነባል፣ ሪስፖንስ ታይሙም መቶ ቤት ውስጥ ሊዋልል ይችላል። የታመመ ዲስክ ግን 100 በመቶ እያለ ፍጥነቱ ዜሮ ወይም ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው፣ ሪስፖንስ ታይሙ ብዙ ሺ ሚሊሴኮንድ ይሆናል፣ ማውሱ እንኳን ይቆማል፣ ከዛ ድንገት ይለቀዋል። አንድ ሴክተር ላይ ተቸክሎ ደጋግሞ እየሞከረ ስለሆነ ነው። አክስቴ "ድርቅ ብሎ ይቀርብኛል" ያለችው ይሄንኑ ነው። ሌላው ምልክት ሁሌ አንድ ፋይል ላይ ሲደርስ መቆሙ ነው፣ ቫይረስና የራም ማነስ እንደዚ ቦታ አይመርጡም።

ማሽኑ ሲነሳ ራሱ የሚነግራችሁም ጊዜ አለ። ኤችፒ ላይ 301 የሚል ቁጥር ይዞ ዲስኩ ሊበላሽ ነው የሚል ጥቁር ስክሪን ከመጣ ዲስኩ ራሱ ነው የተናገረው፣ 3ኤፍ0 ካለ ደሞ የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ማለት ነው፣ ይሄ ገመዱ ስለላላም ሊሆን ይችላል። ዴል ላይ 2000-0142 የሚለው ዲስኩ የራሱን ፈተና ወድቋል ማለት ነው። ዊንዶውስ ከገባላችሁ ኢቨንት ቪውወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቱና ምንጩ ዲስክ የሆኑትን ፈልጉ፣ 7 ቁጥር ባድ ብሎክ አገኘሁ ነው፣ 153 ንባቡ አልሳካ ብሎ ደግሜ ሞከርኩ ነው፣ 52 ደሞ ዲስኩ ልበላሽ ነው ብሎ አስጠንቅቋል ነው። ይሄ ታሪክ ማንበብ ስለሆነ ዲስኩን ብዙም አያደክመውም።

ስማርት የሚባለውም እንደዛው ቀላል ነው፣ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፣ ማንበቡ ሴኮንዶች ነው የሚፈጀው። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በነጻ ይገኛል፣ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ምትክ የሚሰራ ነጻ የሊኑክስ ሲስተም) ላይ ዲስክስ የሚለው አፕ ውስጥ አለ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሰማያዊ ካሳየ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ አልቆለታል ነው። ግን ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግቡ። በጣም የምፈልጋቸው ሶስት መስመሮች ናቸው። 05 ቁጥር በተጠባባቂ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው፣ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ተጠባባቂ ሴክተሮች አብረውት አሉ፣ የተበላሸውን በነሱ ይተካና ቁጥሩን እዚ ይመዘግባል። ሲ5፣ በሌላ አጻጻፍ 197፣ ማንበብ ያቃተው ግን ገና ያልተተካ፣ ውሳኔ የሚጠብቅ ሴክተር ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አሁን በዚች ሰዓት የማይነበብ ዳታ አለ ማለት ነው። ሲ6፣ 198፣ ፈትሾ ሊያድነው ያልቻለው ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ጥሬ ቁጥሩን ሲያሳይ በአስራ ስድስት ቤት (ከ9 በኋላ ከኤ እስከ ኤፍ በሚቆጠርበት) ነው እንጂ እኛ በለመድነው በአስር ቤት አይደለም። የአክስቴ ዲስክ 05 ላይ ከብዙ ዜሮ በኋላ ኤ8 ይላል፣ ሲ5 ላይ 38 ይላል። ኤ8 ማለት 168 ነው፣ 38 ደሞ 38 አይደለም፣ 56 ነው። ፈንክሽን ከሚለው ሜኑ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዛ ሮው ቫሊውስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ አስር ቤት ቀይሩት፣ ያኔ እንዳለ ይነበባል። ሌላ ደሞ ሲጌት ዲስክ ላይ 01 መስመር ላይ ግዙፍ ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ፣ እነሱ ጋር የተነበበውን ብዛት ሁሉ እዛ ውስጥ ስለሚደባልቁት ጤነኛውም ትልቅ ቁጥር ያሳያል።

ሲ7፣ 199፣ ከፍ ካለ ዲስኩን ሳይሆን ገመዱን ጠርጥሩ፣ በዲስኩና በላፕቶፑ ዋና ቦርድ መሃል ዳታ ሲተላለፍ እየተበላሸ ነው ማለት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ የሚሰካበት ቀጭን ገመድ ይላላል ወይም አቧራ ይይዛል፣ ነቅሎ አጽድቶ መሰካት ብቻ ዲስክ ከመግዛት ያድናል። ይሄ ቁጥር ተመልሶ ዜሮ አይሆንም፣ ከነቀላችሁ በኋላ መጨመር ካቆመ በቃ ተፈትቷል። 09 ደሞ ዲስኩ በርቶ የቆየበት ሰዓት ነው፣ በቀን 6 ሰዓት የሚሰራ ላፕቶፕ 20 ሺ ሰዓት ለመሙላት 9 ዓመት ይፈጅበታል። መገናኛም ሆነ መርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ፊት ይሄን ክፈቱት፣ 8 ዓመት የሆነው ማሽን ላይ 40 ሰዓት ብቻ ካለ ወይ ዲስኩ በአዲስ ተቀይሯል ወይ ደሞ ቆጣሪው ተነካክቷል፣ ጠይቁ። አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት መሆኑ ስለ ዲስኩ ጤና ምንም አይነግራችሁም።

ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ወረቀት ላይ ከነቀኑ ጻፉት። 05 ላይ 8 ብሎ ለዓመታት ባለበት የቆመ ዲስክ አውቃለሁ፣ እየሰራ ነው። በሳምንት ውስጥ ከ8 ወደ 40 የሄደ ከሆነ ግን መጨረሻው ቀርቧል። ጎግል በ2007 ከ100 ሺ በላይ የራሱን ዲስኮች መዝገብ አጥንቶ ያወጣው ጽሑፍ አለ፣ እዛ ላይ ስካን ሲደረግ የመጀመሪያው ስህተት የተገኘበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት እድሉ ስህተት ከሌለበት ዲስክ በ39 እጥፍ ይበልጣል ይላል። ግን እዛው ጽሑፍ ላይ ሌላ ነገር አለ፣ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ከተበላሹት ዲስኮች ውስጥ ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በሚባሉት አራት የስማርት ምልክቶች ላይ አንድም ነገር አላሳዩም ነበር። ማለትም ስማርት አደጋ አለ ካለ እመኑት፣ ደህና ነው ካለ ግን እንደ ዋስትና አትያዙት፣ ዊንዶውስ "ኦኬ" ብሎ የሚያሳየውም ዲስኩ ራሱ የፋብሪካው ወሰን ላይ ካልደረሰ በቀር አይለወጥም።

ወደ ኮፒው። ዲስኩ ድምጹ ደህና ከሆነና ከተነበበ መጀመሪያ የምታወጡት ሊተካ የማይችለውን ነው፣ ፎቶ፣ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሂሳብ ፋይል፣ ፊልምና ሙዚቃው ይቆይ። ፎልደሩን በሙሉ አንዴ ጎትታችሁ አትጣሉት፣ ትንንሽ አድርጋችሁ አውጡ፣ አንድ ፋይል ላይ ከቆመ ስኪፕ አድርጉና እለፉ፣ እሱን በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ከተቻለ ደሞ ከዛው ከታመመው ዲስክ ዊንዶውስ እያስነሳችሁ ባትሰሩ ይሻላል፣ ዊንዶውስ ዝም ብላችሁ ብታዩት እንኳን ከኋላ ይጽፋል፣ ያነባል፣ አፕዴት ያወርዳል፣ ደካማውን ዲስክ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ብሎኑን በካቻቪቴ ፈታችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ ወይም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ አዘጋጅታችሁ "ትራይ" የሚለውን መርጣችሁ ከፍላሹ አስነሱ፣ ኢንስቶል የሚለውን እንዳትነኩ። ሌላ ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት "ስካን ኤንድ ፊክስ" ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉት።

ለምን እምቢ? እሺ ካላችሁ የሚነሳው ቼክ ዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ነው፣ እሱ የሚጠግነው ደሞ የፋይል አደረጃጀቱን ነው፣ ለሱ ዋናው ነገር ዊንዶውስ ሳይጋጭ እንዲሰራ ነው፣ የናንተ ፎቶ አይደለም። ያልገባው ፋይል ካገኘ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ሙሉ የባድ ሴክተር ፍለጋ ካዘዛችሁት ደሞ ያንን ደካማ ዲስክ ለሰዓታት ሲፈትገው ያድራል። ጤነኛ ዲስክ ላይ መብራት ሄዶ የተዘበራረቀውን ለማስተካከል ጥሩ ነው፣ የታመመ ላይ ኮፒ ሳይደረግ ማስኬድ ግን ብዙ ሰው ዳታውን ያጣበት መንገድ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ በራሱ ሊጀምረው ሲል ጥቂት ሴኮንድ ይቆጥራል፣ ያኔ አንድ ቁልፍ ተጫኑና ዝለሉት። ዲፍራግም (የተበታተኑ ፋይሎችን እያነሳ የሚያስተካክለውን) አታድርጉ። ፎርማትማ ጭራሽ፣ ፎርማት የተጫረ ሳህን አያድንም፣ የሚያደርገው ማህደሩን ማጥፋት ነው።

የአክስቴን ዲስክ ወንድሜ ለስራ ደሴ ወርዶ ስለነበር በጋቢ ጠቅልላ ሰጠችው። ቀጭ የሚለው የተወሰኑ ፎቶዎች ጋር ሲደርስ ብቻ ነበር፣ ያለማቋረጥ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። እንደዚ አይነት ዲስክ ላይ ፋይል በፋይል ኮፒ ከማድረግ ሙሉ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል፣ ለዚህ ዲዲ ሬስኪዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ሲስተም ሬስኪዩ ከሚባለው በፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ደህናውን ቦታ በፍጥነት ይገለብጣል፣ ሲያቅተው አይታገልም፣ ዘሎ ያልፋል። ጤነኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው ወደ ዘለላቸው ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ የሚሞክረው። የት እንደደረሰም በትንሽ ፋይል ላይ እየመዘገበ ይሄዳል። ለኛ ይሄ ወርቅ ነው፣ እኔ ሌሊት እያስኬድኩት መብራት ሄደ፣ ጠዋት ሲመጣ ያንኑ መዝገብ ሰጥቼው ካቆመበት ቀጠለ፣ መዝገቡን ግን ሌላ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ፣ ሊኑክሱ ራሱ ያስነሳበት ሜሞሪ ላይ ከሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ተቀባዩ ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ ላዩ ያለው ነገር በሙሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ስጡት፣ ትእዛዙን ከመጫናችሁ በፊት ደሞ የቱ ሰጪ የቱ ተቀባይ እንደሆነ በመጠናቸውና በሞዴል ቁጥራቸው ሁለቴ አረጋግጡ፣ ሰጪና ተቀባዩን ካምታታችሁ የሚጠፋው የአክስቴ ፎቶ አይነቱ ነው።

500 ጊጋው ደህናው ክፍል በ7 ሰዓት ገደማ ወጣ፣ የቀረችውን ጥቂት ሜጋ ለማውጣት ግን ሌላ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። መጨረሻ ላይ 9 ሜጋባይት አልወጣ አለ። ከ500 ጊጋ 9 ሜጋ ምንም አይመስልም፣ ግን የት ላይ እንዳረፈ ነው ጥያቄው። ከፎቶዎቹ ሶስቱ ላይ አርፏል፣ አንዱ የባለቤቷ ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱና ትከሻው ድረስ ጥርት ያለ ነው፣ ከደረቱ በታች እስከ ፎቶው መጨረሻ አመድማ ሆኗል። የሰርጉ ቪዲዮ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ይዘላል። ሌላው ሁሉ ተርፏል።

ከዛ በኋላ ነው የተሟላ ምርመራ ያደረኩለት። ስማርት ውስጥ ዲስኩ ራሱን የሚፈትንባቸው ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ አጭሩ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ረጅሙ ሳህኑን በሙሉ ያነባል፣ ለ500 ጊጋ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኤፍ2፣ ዴል ላይ ኤፍ12 ብላችሁ ዲያግኖስቲክስ የሚለው ውስጥም ተመሳሳይ ፈተና አለ፣ ዊንዶውስ ባይነሳም ይሰራል። አጭሩን አለፈ። ረጅሙን ገና መጀመሪያው አካባቢ ወደቀ። ሲ5ን ደግሜ ሳየው ከ56 ወደ 112 ሄዷል፣ ማለትም እየሰፋ ነው፣ የመብራት መቋረጥ ብቻ ያመጣው ቢሆን ኖሮ እንደዚ አይጨምርም ነበር። አጭሩን ፈተና ብቻ አድርጌ ብመልሰው ደህና ነው ብዬ ነበር የምመልሰው።

ላፕቶፑ ላይ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚዞር ሳህን የሌለው በቺፕ የሚሰራ ዲስክ ገባለት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ 2.5 ኢንች ሳታ (የሶኬቱ አይነት ነው) ኤስኤስዲ እዛው ሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገጥማል፣ ዲስኩ 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው ከሆነ 7 ሚሊሜትሩ ኤስኤስዲ ትንሽ ስለሚጫወት ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፈፍ ማድረግ ነው፣ በጣም የቆዩት፣ ከ2006 በፊት የወጡት፣ ሶኬታቸው አይዲኢ የሚባለው ሳታ የማይገባበት የድሮው አይነት ሊሆን ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ፈታችሁ እዩ። ከታመመ ዲስክ የተገለበጠውን ዊንዶውስ እንዳለ አላስገባሁትም፣ ከጎደሉት ሴክተሮች አንዱ የሲስተም ፋይል ላይ አርፎ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ጭኜ ፋይሎቹን ብቻ መለስኩ። ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ አድርጌያቸዋለሁ፣ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ባለ ኤክስተርናል፣ ሶስተኛውን አሜሪካ ላለችው ልጇ እየላክንላት ነው። የሞተውን ዲስክ አልጣልኩትም፣ በፖስታ አድርጌ ቀኑንና "ሲ5 - 112፣ አትጠቀሙበት" ብዬ ጽፌበት ለአክስቴ መለስኩላት፣ ምናልባት አንድ ቀን ያቺን የበረንዳ ፎቶ ማስወጣት ከፈለገች ለባለሙያ የምትሰጠው እሱን ነው።